ገብርኤል ቁርበት የለበሰ ለት

እኔ ስናደድ በአገውኛ ነው የምናደደው። አማርኛው ለገበያና ለእንግዳ ይሁን፤ ደሜ ሲፈላ ግን አይበቃኝም። በዘጠና አምስቱ ክረምት ሁለቱም ተደምረው አልበቁኝም። ባሌ ምሳው «የትናየት፣ እስቲ አፍሽን አሳርፊው» ሲለኝ ከረመ። እሱ ምን ቸገረው! በየደጁ ስሙ የሚነሳው የእሱ ወንድም አልነበረ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ደብራችን ገብርኤል ነው። ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ሲኬድ፣ መንገዱ ጉብታውን ከመውጣቱ በፊት ከጉብታው ሥር ያለችው ክቧ ቤተ ክርስቲያን የኛ ናት። ያኔ ክዳኗ ሣር ነበር፤ ሣሩም አርጅቶ፣ በየቦታው ሳስቶ፣ ወፍ እየጎተተ ጎጆ ይሠራበት ነበር። ወንድሜ ካሤ ደግሞ ዓረብ አገር ነበር። እናታችን ገና ድክ ድክ ሲል ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ አዝዬው ነው እንጨት የለቀምኩት።

በፋሲካ ሰሞን ሰቆጣ ቴሌ አስጠራኝ። ሄድኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስደቅን «እትዬ፣ የገብርኤልን ጣራ በቆርቆሮ የማለብሰው እኔ ነኝ! ቆርቆሮውን አስጭኜ ራሴ ነው የምመጣው። ግንቦት ሳያልቅ እዚያው ነኝ፤ ለመምሬ ንገሪልኝ» አይለኝም! እዚያው ቴሌ ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። የቴሌው ሰውዬ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ «ወንድሜ ገብርኤልን ሊያለብሰው ነው!» አልኩት። ሰውዬው ራሱ «እሰይ!» አለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለደብሩ ሰው ነገርኩ። እናንተዬ፣ የዚያን ለት የነበረውን ደስታ በምን ልንገራችሁ? ወንዱ ያጨበጭባል፣ ሴቱ እልል ይላል። ዓይናዲስ የሚባል ሰው አለን፤ ነገር ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ፣ ነገር ሲበላሽም ከሁሉ ቀድሞ የሚናገር። እሱ ተነሥቶ «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ቆርቆሮው ሲደርስ ምስማር መምታት ብቻ እንዲሆን፣ አሮጌውን ክዳን ዛሬውኑ እናውርደው!» አለ። ማን እንቢ ይላል? ሁሉም ተንጋጋ። ሲመሽ ከማገሩና ከወራጁ በቀር ጣራው ላይ አንዲት ሰበዝ አልቀረም። ሣሩን ደግሞ በረከት ነው እያልን ተካፍለን ወስደን ለከብቶቻችን ሰጠን፤ ዓመቱ የድርቅ ስለነበር ከብቱ የሚቀምሰው አልነበረውም። ታቦቱ እስከዚያው የሚቆይበት መቃኞ ይሠራ ወይ ሲባል፣ «ለስንት ቀን ብለን! ካሤ መጣ እኮ!» ተባለ።

ካሤ ግን አልመጣም።

ግንቦት አለቀ፣ ሰኔም ገባ። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነው አይደል? የሰቆጣ መንገድም ከኛ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆመን ስንጸልይ ፊታችን ሁሉ ወደዚያ ጉብታ ነው። ዐይናችን ወደ እግዚአብሔር ይሁን ወደ ካሤ እሱ ራሱ ይወቀው። አቧራ ቦነነ እንደሆነ ጸሎቱ ይቆምና ሹክሹክታው ይጀምራል። «እሱ ይሆን?» «ኧረ የግመል አቧራ ነው።» «የለም፣ የመኪና ነው፣ ድምፁ አይሰማህም?» ከዚያ የሰው አህዮች ከጉብታው ብቅ ይላሉ፤ እኛም በሐዘን ወደ ጸሎታችን እንመለሳለን።

መጀመሪያ ላይ እኔ እንዴት እንደምከበር ባያችሁ! ውኃ ስወርድ «የካሤ እህት ትቅደም»፣ ማኅበር ስገባ «የካሤ እህት እዚህ ትቀመጥ»። ሰኔ ሲጋመስ እንስራዬን ይዤ ወረፋዬን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰኔ ሲያልቅ ሰላምታዬን እንኳ በጎን የሚመልሱ በዙ። ዓይናዲስማ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ወንድምሽ አላህን አግኝቶ ገብርኤልን ረሳው እንዴ?» አለኝ። በአገውኛ የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም። ምሳው ሰምቶ ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

ደግሞ ዝናቡ! ካሤ ቀረ ብለን ስናለቅስ ዝናቡም ቀረ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ያለፈው ዓመት ድርቅ ቀፎ ያስቀረው ከብት አሁን መነሣት አቃተው። ገደል ገብቶ ወይ ሜዳ ላይ ወድቆ በክት ከሚሆን እያልን በስመ ሥላሴ እየባረክን አረድናቸው። ዳልቻው በሬዬ የታረደ ለት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት። ሥጋው ተበላ ይባል እንጂ አጥንት ነበር። የተረፈን ቁርበት ብቻ ነው። እሱንም ሰቆጣ ይዘን ብንሄድ አገሩ ሁሉ ቁርበት ይዞ ወጥቶ የሚገዛ ጠፋ። በየቤቱ ቁርበት በቁርበት ላይ ተከምሮ ቀረ።

ሐምሌ ሲጠባ ጭንቁ ሁለት ሆነ። ዝናብ ካልዘነበ ዘር አይዘራም፤ ዘር ካልተዘራ ሰው እግሩ ወዳደረሰው መሰደዱ ነው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ታቦቱ በላዩ ጣራ የለም። «ወደ ጎረቤት ደብር ይሂድና ይክረም» የሚሉ ተነሡ። ከኛ በታች አንድ መንደር ነበረች፤ እንዲሁ ለአንድ ክረምት ብለው ታቦታቸውን ሰጥተው፣ አንዱ ክረምት ሌላ ክረምት ወልዶ፣ ታቦቱም ሳይመለስ ሰዉም ተበትኖ ዛሬ ቦታዋን የሚያውቀው እረኛ ብቻ ነው። ገብርኤል ከሄደ እኛም የለንም ማለት ነው።

ሽማግሌው ካህናችን መምሬ ለተሥላሴ ምህላ አወጁ። በመጀመሪያው ቀን ሰዉ ሁሉ ቅጥር ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ገና «እግዚኦ» ሳይባል ዓይናዲስ እጁን አወጣ።

«መምሬ፣ ምን ብለን ነው የምንለምነው? ዝናብ አምጣ ካልን ታቦቱ መደብደቡ ነው። ካሤ ቆርቆሮውን እስኪያመጣ ዝናቡን ያዝልን እንበል እንጂ!»

«እንዴ! እርሻዬስ?» አለ አንዱ።

«ልጆቼስ?» አለች ሌላዋ። ጫጫታው ቀለጠ። እኔም አላስቻለኝም።

«የወንድሜን ስም ከጸሎት አውጡልኝ!» አልኩ። «ቀረ፣ ቀረ ነው! ምነው፣ ካሤ ካሤ እያላችሁ ገደላችሁኝ እኮ!»

መምሬ ለተሥላሴ በመስቀላቸው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ቀጭን፤ ሲቆጡ ግን ግቢው ይሰማቸዋል።

«የትናየት እውነቷን ነው» አሉ። «እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ጣራው ሲወርድ ከናንተው ጋር ቆሜ አጨብጭቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ መስቀል ይዤ መንገድ ነው ሳይ የከረምኩት። ፈጣሪያችንን ትተን አንድ ልጅ ስንጠብቅ ይኸው ክረምቱ ገባ። ደሃው ልጆቹን ይዞ ዝናብ እያለ ሲያለቅስ፣ እኔ ለቤትህ ብለህ ዝናብ ከልክል ብዬ አልለምንም። ዝናብ ስጠን ብለን እንለምነዋለን። የቤቱን ነገር የቤቱ ጌታ ያውቅበታል።»

«ታቦቱ ቢረጥብስ?» አለ ዓይናዲስ።

«ፊት ለፊቱ ወድቀን እንለምነዋለና! ከዚህ ቀደም ጠይቀነው እናውቃለን? ካሤን ነው የጠየቅነው!» አሉ መምሬ። «አሁን ሁላችሁም ግንባራችሁን መሬት አስነኩ። ተነሡ እስክል ድረስ አንድም ሰው ቀና እንዳይል። መንገዱን አይተን ጠግበናል።»

ወደቅን። ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ሕፃን ያዘለችው ሳትቀር ወደቅን። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል አፈር አፋችን ውስጥ ይገባል። እኔ መጀመሪያ የለመንኩት በቁጣ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ያንን ልጅ እንዲያ ልታዋርደኝበት ነው ያሳደግኸው?» ስል ቆየሁ። ኋላ ግን ቁጣዬ አለቀብኝ። «እንግዲህ እኔ ማንም የለኝም፤ አንተ ታውቃለህ» አልኩና ዝም አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከፋሲካ ወዲህ ያልተሰማኝ ቀላልነት ተሰማኝ። ከጎኔ ያለችው ሴት እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ብዙ ቆየን። ፀሐዩ ጀርባችንን ሲጠብሰው ቆይቶ ቀዝቀዝ አለ። ነፋስ መጣ። አንድ ነገር ጀርባዬ ላይ ጠብ አለ። ወፍ መስሎኝ ተናደድኩ። እንደገና ጠብ! ከዚያ አፈሩ ሸተተኝ። ያን ሽታ የማያውቅ የዋግ ሰው አለ? ከወዲያ አንዱ ሽማግሌ «እህህህ» እያሉ መንሰቅሰቅ ጀመሩ። ቀና ያለ ግን አልነበረም፤ መምሬ ተነሡ አላሉማ!

እኔ ግን ያው እኔ ነኝ። ቀና አልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ነብር ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ! በገብርኤል ጣራ ላይ፣ ልክ ከመቅደሱ በላይ፣ ቢጫ ነብር አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። «እናቴ ድረሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዉ ሁሉ በጩኸቴ ብድግ አለ። ልብ ብለን ብናየው ብርድ ልብስ ነው፤ እነዚያ ከዓረብ አገር የሚመጡት፣ የነብር ሥዕል ያለባቸው ወፍራሞቹ። አንድ ሰው ማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ብርድ ልብሱን ከዳር ዳር ይወጥራል። ፀጉሩ ርሶ ፊቱ ላይ ተለጥፏል፣ ከስቶ ጉንጩ የለም። ያም ሆኖ የጆሮውን አወጣጥ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ!

«ካሤ!» አልኩ። ከዚያ በአገውኛ ቀጠልኩበት። እየተሳደብኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ ምሳው ክንዴን ይዞ «አፍሽን፣ አፍሽን» ይላል። ካሤ ከላይ ሆኖ «እትዬ፣ ኋላ ትሰድቢኛለሽ! ይኼ ይጠጣል፣ ውኃ አይችልም፣ ሌላ ነገር አምጡ!» አለ።

መምሬ ለተሥላሴና ዲያቆናቱ ሮጠው መቅደስ ገቡ፤ ጃንጥላዎቹን ዘርግተው ታቦቱን ከበቡት። መምሬ ከውስጥ አንጋጠው ካሤን ሲያዩ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ጫማህን!» የሚል ነው። ካሤ እግሩን አራግፎ ጫማውን ወረወረው፤ አንደኛው ሄዶ ምሳው ትከሻ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ዝናቡም እንደዚያው ፈነዳ። ሰማዩ ተቀደደ ብላችሁ ይቀለኛል።

ምን አምጡ ነው ያለው? ሣር የለ፣ ሸራ የለ። ዳልቻዬ ትዝ አለኝ።

«ቁርበት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰዎች፣ ቁርበት! በየቤታችሁ የተከመረውን ቁርበት አውጡ!»

ዓይናዲስ አሁንም! «ምን? የሞተ ከብት ቁርበት በመቅደስ ላይ?»

«ማን ሞተ አለህ? በስመ ሥላሴ ባርከህ አላረድክም? ወይስ በክት ነው ያበላኸን?»

«ኧረ ባርኬ ነው!»

«የታረደ ከሆነ ያምጡት!» የመምሬ ቀጭን ድምፅ ከመቅደስ ውስጥ መጣ። «ቶሎ በሉ! ቶሎ!»

ኧረ እንዴት ያለ ሩጫ! ዕድሜ ልኬን እንዲያ ሰው ሲሮጥ አላየሁም። የኔ ቤት ቅርብ ነው፤ የዳልቻን ቁርበት ራሴ ላይ ጥዬው መጣሁ፣ ከባድነቱ አልታወቀኝም። ከየአቅጣጫው ሰው ቁርበት ተሸክሞ ይጎርፋል። የበሬ፣ የላም፣ የጊደር፣ የፍየል። ሴቶቹ ከታች እናቀብላለን፣ ወንዶቹ ወራጁ ላይ ተደርድረው እየተቀባበሉ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱን በአንዱ ጫፍ ሥር እየሰገሰጉ በጠፍር ያስራሉ። ከሁሉ በላይ፣ ከጉልላቱ ሥር፣ ካሤ ባዶ እግሩን አለ። ዓይናዲስ፣ አዎ ያው ዓይናዲስ፣ ከካሤ ቀጥሎ ወጥቶ ቁርበቱን እያቀበለው «በርታ የኔ አንበሳ! በርታ!» ይላል። እልልታው፣ ነጎድጓዱ፣ የሕፃናቱ ጩኸት፣ በየቦዩ የሚወርደው ጎርፍ! «ዘነበ! ዘነበ!» እያለ የሚጨፍር አለ። አሮጊቶቹ እጃቸውን ለዝናቡ ዘርግተው ተንበርክከዋል። ዝናብ ለምነን ዝናቡ መጣ፤ ጣራውን ሳንለምነው ቤታችን ተቀምጦ ነበር። የሚገዛው አጥቶ ስንማረርበት የከረምነው ቁርበት ነው እኮ!

ዝናቡ ጋብ ሲል መምሬ ወጡ። ካባቸው ጠርዙ ረጥቧል፣ ፊታቸው በርቷል። «ታቦቱን ጠብታ አልነካውም» አሉ። ያኔ የወጣውን እልልታ ጽጽቃ ሰምታው ይሆናል።

ካሤ ከጣራው ወርዶ መምሬ እግር ሥር ተደፋ። አሁን ሊገሥጹት ነው ብዬ ተጠጋሁ፤ እኔ ብቻ ነኝ ልሰድበው የሚገባኝ!

«መምሬ፣ ቆርቆሮ የለኝም» አለ ካሤ ፊቱን ሳያነሣ። «ከመግዛቴ በፊት የዓረቦቹ ፖሊሶች ያዙኝና በለበስኩት መለሱኝ። ያቺን ብርድ ልብስ ጓደኞቼ ናቸው ያቀበሉኝ። ሰኔ ከመጋመሱ በፊት ጀምሮ ሰቆጣ ነበርኩ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ።»

«ከሰኔ ጀምሮ!» አልኩ። «እዚህ አፍንጫችን ሥር! ታዲያ ምነው ሳትመጣ?»

«መጣሁ እንጂ እትዬ። ስንት እሁድ መጣሁ። ጉብታው ላይ ስደርስ ሁላችሁም ወደ እኔ ፊታችሁን አዙራችሁ ቆማችኋል። አገሩ ሁሉ እኔን እያየ እንዴት ባዶ እጄን ልውረድ? ከድንጋዩ ጀርባ አለቅስና እመለሳለሁ። ዛሬ ግን ስደርስ አንድም ሰው አያየኝም። ሁሉም መሬት ላይ ወድቋል። እንግዲህ ዛሬ ካልገባሁ መቼም አልገባም ብዬ በወንዶቹ በር ገብቼ ከኋላ ወደቅሁ። ወዲያው ጠብ ሲል ታቦቱ ታየኝና ብርድ ልብሴን ይዤ ጣራው ላይ ወጣሁ።»

እኔ ራሴ የምለው ጠፋኝ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ያ ሁሉ እሁድ በጸሎት የቆምን መስሎን፣ ልጁን በዐይናችን እያባረርነው ነበር።

መምሬ ለተሥላሴ ጎንበስ አሉ። መስቀላቸውን ሊያሳልሙት መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ተንበረከኩ፤ ጭቃው ላይ፣ ከነካባቸው፣ ከካሤ ፊት።

«ልጄ፣ አንተ ነህ ይቅር የምትለን» አሉ። «እግዚአብሔር የሚሸከመውን ቤት አንተ ተሸከም አልንህ። ሰው ይህን አይችልም። ሲከብድህ ደግሞ ቀረ ብለን አማንህ። ይቅር በለን።»

«ኧረ መምሬ፣ ይነሡ፣ በገብርኤል!» ካሤ እጃቸውን ይዞ ሊያነሣቸው ይታገላል፣ እሳቸው «በላ፣ ይቅር በል» ይላሉ። ዓይናዲስ ከኋላ መጥቶ ተንበረከከ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ያ ሁሉ ሰው ጭቃ ላይ ሲንበረከክ አይቼ አላስቻለኝም፤ ሄጄ ወንድሜን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። ሽታው ቁርበት ቁርበት ይል ነበር። ይቅር አለ፤ ምን ያድርግ፣ እኔ አንገቱን ይዤ!

የሐምሌ ገብርኤል ለት ቤተ ክርስቲያናችን ቁርበቷን ለብሳ ዋለች። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይቶ ይገረማል፤ እኛ ግን ቀና ባልን ቁጥር «ያቺ የኔ ላም ናት»፣ «ያ የአባቴ በሬ ነው» እንባባላለን። ዳልቻዬ ከመቅደሱ በላይ፣ ከሁሉ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሲረጥብ ይሸት ነበር፣ አልዋሽም። በማሳው ላይ ደግሞ ጤፉ ብቅ ብሎ አገሩ አረንጓዴ መሆን ጀምሮ ነበር። የታኅሣሥ ሣር እስኪደርስ ድረስ ክረምቱን በዚያ ጣራ ተወጣነው።

የዚያን ለት ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ሲያዝ ፊቴን አዞርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ዐይኔ ጉብታውን ፈለገ። መንገዱ ታጥቦ ያበራል፣ አቧራ የለበትም፣ የሚመጣም አልነበረም። ካሤ በወንዶቹ በኩል ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር፣ እሱም ወደዚያው ያያል። የምጠብቀው ሰው እንደሌለኝ ያኔ ገባኝና ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ግንባሬን እርጥቡ መሬት ላይ አሳረፍኩ።